የሲፈን ሽቦና የምርቃት ቡና

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል አይደል? ልብ እያዘነ እሱ ይስቃል ለማለት ነው። እኔ ግን ይህን የተናገረው ሰው ጥርሱን ሽቦ አሳስሮ አያውቅም ባይ ነኝ። ሽቦ የገባለት ጥርስ ምኑ ባዳ ነው? ዘመድ ነው እንጂ። ያውም ምግብ የሚያማርጥ፣ ትንሽ ሲነኩት የሚያኮርፍ፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጠብቆ የሚታመም ዘመድ።

ከየት አወቅሽ አትሉኝም? ከእህቴ ልጅ ከሲፈን ነዋ! እህቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እዚሁ መቱ፣ ማዘጋጃ ቤት ትሠራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሶቿ የተደራረቡ ነበሩ፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር። ደመወዝ መቀበል ስትጀምር ማንንም ሳታማክር ጂማ ሄዳ ሽቦ አሳስራ መጣች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሳቀችልኝ። አፏ በፀሐዩ ብልጭ ሲል ክው አልኩ። «ማነው የመታሽ?» ነበር ያልኳት፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ሕግ ተለወጠ። ቆሎ ቀረ። ሸንኮራ ቀረ። ሥጋው ተከትፎ፣ ካሮቱ ተቀቅሎ። ሽቦውን ባጠበቁላት ቁጥር አጥሚት ነው፤ ልክ እንደ አራስ። ጎመን የበላች ዕለት ደግሞ መስታወት ፊት ቆማ በትንሿ ብሩሽ ስትፈለፍል ትውላለች። እኔ እንደ ልማዴ እነጫነጫለሁ። እየተነጫነጭኩም አጥሚቱን አማስላለሁ። ምን ላድርግ? ልጄ ናት።

ጭንቁ የመጣው የሽምግልናው ቀን ሲቆረጥ ነው። እዚህ ቅርብ፣ ሁሩሙ ከተማ የሚያስተምር ቶሌራ የሚባል ልጅ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ተዋወቁ፣ ተዋደዱ። እኔም ልጁን ወድጄዋለሁ፤ ሽቦዋን አይቶ «ያምርብሻል» ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ችግሩ አያቱ ናቸው፣ ኦቦ ዱጉማ። በዚያ ቤተሰብ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ከዘመድ አፍ አይቀበሉም፤ ልጅቷን ፊት ለፊት አይቼ፣ ከራሷ አፍ ሰምቼ ነው ይላሉ። አንድ ጊዜ ቡሬ ለሌላ የልጅ ልጃቸው ሽምግልና ሄደው፣ የልጅቷን ፊት አዩና የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩ ተነሥተው ወጡ አሉ። ሲፈን ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። «አክስቴ፣ እኔን አይተው ቢወጡስ?» ትለኛለች። «ምን ሲሆኑ ነው አንቺን አይተው የሚወጡት!» እላታለሁ።

እሺ፣ ሽምግልናው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕለት ይህች ልጅ ከሥራ ስትመለስ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የክረምት መውጫ ነው፤ በየመንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል። ሽታው ጠራትና አንድ ራስ ገዝታ ጋጠች! ቅዳሜ ጠዋት በጩኸቷ ተነሣሁ። የኋለኛው ሽቦ ከቦታው ሾልኮ ጉንጯን ይወጋታል። ውስጡ ቆስሏል። እሷ ታለቅሳለች፣ ሽማግሌዎቹ ለምሳ ይደርሳሉ፣ ወጡ እሳት ላይ ነው። በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ነው ስልክ ያነሣሁት።

የጂማው ዶክተር እግዜር ይስጠው፣ ቅዳሜም ያነሣል። ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጣችሁ ትጉመጥመጥ አለ። ሽቦውን በጥጥ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጥርሷ ግፉት፣ ጫፉን በሰጠኋት ሰም ሸፍኑት፣ ጠንካራ ነገር እንዳታኝክ፣ ሰኞ ትምጣ። መቁረጥ መጎተት ግን ወዮላችሁ አለ። ጥሩ። ተጉመጠመጠች፣ ሕመሙ ጋብ አለላት። ሽቦውንም በጥጥ ገፋነው፤ ትንሽ እሺ አለ። ሰሙስ? ሰሙ አልቋል። መቱ ላይ ቅዳሜ ጠዋት የጥርስ ሰም ከየት ይመጣል?

ወሬ እንደሆነ እግር አለው፤ ጎረቤት ገባ። ፊተኛው ጋሼ መኮንን ናቸው፣ ባጃጅ ጠጋኙ። ፒንሳ ይዘው መጡ። ቅባቱ ገና ይንጠባጠባል። «ሽቦ ያው ሽቦ ነው፣ ቆርጬላት ልሂድ» አሉ። «ኧረ ጋሼ በሞቴ፣ የልጅቷ አፍ ጋራዥ አይደለም!» ብዬ እየለመንኩ እየገፋሁ አስወጣኋቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ቀጥለው እትዬ ደብሪቱ መጡ፣ ለቤተ ክርስቲያን ያዘጋጁትን ጧፍ ይዘው። «ይኸው ሰም፣ የሁሩሙ ንብ የሠራችው። ለእግዜር የሚበራ ለልጄ ጉንጭ ያንሳል?» አሉ። ለዶክተሩ ደወልኩለት። ሳቀና፣ ንጹሕ የንብ ሰም ከሆነ እስከ ሰኞ ያደርሳታል፣ ክሩን አውጡ፣ እንዳትውጠው ተጠንቀቁ አለ። ክሩን መዘዝኩ፣ ሰሙን በሙቅ ውኃ አጥቤ አድበለበልኩ፣ ጥርሷን በጥጥ አድርቄ ለጠፍኩላት። እልል! መውጋቱን ተወ።

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረበት? አልቆምኩም። አመሌ ነው። ሰሙ እንዳይወድቅ ፈራሁ። ደግሞም ሽማግሌ ፊት ስለ ሽቦ ማውራት አሳፈረኝ፤ በሽተኛ ልጅ ሊድሩልን ነው ቢሉስ? ስለዚህ «አፍሽን አትክፈቺ። ዝም አይነቅዝም። የምትታጭ ልጅ ዝም ስትል ያምርባታል» አልኳት። ምስኪኗ እሺ አለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። «አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ» ተባባልን። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሶፋው ላይ ተደረደሩ፤ በእኛ ወገን ወንድሜ ተቀመጠ። ነገሩ በወጉ ተጀመረ። ዘር ተቆጠረ፣ ልጁ ተመሰገነ፣ ወንድሜም ደስ ደስ አለው። ኦቦ ዱጉማ ግን «ይህ ሁሉ ይሁን፤ ልጅቷን ጥሩልኝ» አሉ።

ሲፈን ገባች። ከንፈሯን ገጥማለች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ልጅ ወደሽው ነው?» አሏት። «እምም» አለች። «አልሰማሁሽም» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ያ ሰም ይሄኔ ነው መሰለኝ የከዳት፤ ፊቷ ጭምድድ አለ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ዱብ ዱብ አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። አዘኑ። «እህቴን እንዲህ እያለቀሰች ነው የሰጧት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ የምታለቅስ ልጅ ከቤቷ አላስወጣም። እንሂድ» አሉ። ሌሎቹም ተነሡ። ወንድሜ እኔን ያየኛል። እኔስ ማንን ልይ? አፏን ያስዘጋሁት እኔ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሲፈን አፏን ከፈተች። ሰሙ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። «ኧረ እወደዋለሁ አባባ!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። «እወደዋለሁ! የሚያስለቅሰኝ ሽቦው ነው! አክስቴ ናት ዝም በይ ያለችኝ!»

ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት እወደዋለሁ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወንድሜ ሳል ያዘው። ኦቦ ዱጉማ ግን ጠጋ ብለው አፏን አዩ። ሽቦውን አዩ፣ ቁስሉን አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «በሉ ተቀመጡ። ከእውነተኛ አፍ ሰምቻለሁ» አሉ። በሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ወደ እኔም ዞር ብለው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እትዬ» አሉኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

አሁን ቀረ ምርቃቱ። ቡና ቀላ የሚባለውን ታውቃላችሁ መቼም፤ ከነቅርፊቱ የደረቀው ጀንፈል ቡና በቅቤ ተጠብሶ የሚታኘከው። በእኛ አገር የሚመርቅ ሽማግሌ በእጁ ያቀብላችኋል፣ ተቀብሎ ማኘክ ነው። መመለስ ነውር ነው። እኔው ነኝ የጠበስኩት፣ ጥርት አድርጌ፣ ቀጭ ቀጭ እንዲል። ኦቦ ዱጉማ መረቁና ለሲፈን ዘረጉላት። ዶክተሩ ጠንካራ ነገር እንዳታኝክ ብሏል። እሷ እኔን ታያለች። እኔ ደግሞ ከስንት መከራ በኋላ የተገኘ ምርቃት ሊመለስ ነው ብዬ በዓይኔ «ተቀበዪ!» አልኳት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏት። ፈገግ ብላ ጎረሰች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ወይኔ ልጄን፣ ያ ሽቦ አሁን ተነቃቀለ አልኩ። አላስችል ሲለኝ ለኔ የደረሰኝን ጎረስኩና ለሷም ጭምር እንዲሆንላት ብዬ በኃይል አኘክሁ። ቀጭ! አለ።

እንግዶቹ ተሸኙ። ሮጬ «ነቀልሽው? አመመሽ?» አልኳት። እጇን ዘረጋች። ቡናው መዳፏ ላይ አለ፣ ድፍኑን፣ ቅቤው ብቻ ተመጥጦ። ሽማግሌው በጆሮዋ ያሏት ይህን ነው አለችኝ፦ «ቅቤውን ምጠጪ፤ ፍሬውን ትራሱ ሥር። እኔ ጥርስ ከጠፋኝ ስንት ዘመኔ! የሚወርደው ምርቃቱ እንጂ ቡናው አይደለም።»

አላመንኩም። ሶፋው ዘንድ ሄጄ ትራሶቹን አነሣሁ። የኦቦ ዱጉማ ፍሬ አለ። የቀኛቸው ሽማግሌ አለ። የግራቸው አለ። የሁሩሙ ሽማግሌ ሁሉ ፍሬውን ወልውሎ፣ አክብሮ፣ በየተቀመጠበት ትቶልኝ ሄዷል። የገዛ ወንድሜም ጭምር! በዚያ ቤት ወጉን አክብሮ ያኘከ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሰኞ ጂማ አብረን ሄድን። የሷ ሽቦ ወዲያው ተስተካከለ። ከዚያ እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ዶክተሩ ለሁለት የተሰነጠቀ መንጋጋ ጥርሴን አየና «እርስዎ ደግሞ ምን ጠንካራ ነገር በልተው ነው?» አለኝ።

አፌ ተከፍቷል፣ መመለስ አልቻልኩም። ሲፈን መለሰችልኝ።

«ምርቃት» አለችው።