ሳይሸኝ የማይወጣ እንግዳ

በዚህች አገር ማውስ የማይነካ የኮምፒውተር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ካለም መብራት ያልገባለት መሆን አለበት። የሚዛን ከተማው ቢሯችን ድርሻ ክቡር ጋሽ ባየ ናቸው። ሌላው ሁለቴ ጠቅ አድርጎ የሚከፍተውን እሳቸው ሊነክስ በሚሉት ሥርዓት ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ ጽፈው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ "በሉ እንግዲህ" ብለው ይከፍቱታል።

ሃርድ ዲስክ ለእሳቸው እንግዳ ነው። "መጀመሪያ ማን እንደመጣ እንይ" ይሉና የዲስኮቹን ዝርዝር ያወጣሉ። "ቀጥሎ መቀመጫ" ይሉና ባዶ ፎልደር ይፈጥራሉ። ከዚያ "ማውንት" ብለው ያስቀምጡታል፤ ሲጨርሱ "ዩማውንት" ብለው ይሸኙታል። ተሳስቶ "አንማውንት" ያለ ሰው፣ ከ"ዩ" ቀጥላ "ኤን" የምትባል የእንግሊዝኛ ፊደል ትእዛዙ ውስጥ እንደሌለች እስኪያምን ምሳውን አይበላም። ኬብል መንጭቆ የነቀለማ ጉድ ፈላበት። የግዥው ማቴዎስ አንዴ ፍላሹን መዥረጥ ቢያደርግ "ሳይሰናበት የሚወጣ ሌባ ነው" ብለው ለሳምንት ሰላምታ ነፈጉት።

ከሁሉ አብልጣ የምትስቅባቸው ውድነሽ ነበረች። የቤንችኖን ቋንቋ ማንበቢያ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ሁለት ዓመት ገጠር ለገጠር ዞራ የሽማግሌዎችን ተረት በድምፅ ቀድታለች። ከተራኪዎቹ ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጋሽ ባየ ወደ ቴፒ ተዛውረው በሚሄዱበት ጠዋት፣ ተረቶቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ብትሰካው ኮምፒውተሯ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ጠየቃት። ጣቷን ማውሱ ላይ እንዳደረገች ዞራ ማቴዎስን አየችው።

"እሺ በይው፣ ይስተካከላል" አላት ማቴዎስ።

"እጅሽን አንሺ! ሁሉንም ሊጠርግብሽ ነው!" ጋሽ ባየ ሻንጣቸውን በር ላይ ጥለው ገቡ። "እንግዳ ታመመ ተብሎ ይገደላል እንዴ?"

ዲስኩን የራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። ማን እንደመጣ አዩ፣ መቀመጫ አዘጋጁ፣ "ለንባብ ብቻ፣ ማንም እንዳይነካካው" እያሉ ጻፉ። ስክሪኑ ምንም አልመለሰም።

"ምን ሆነ?" አለች ውድነሽ።

"ዝም ካለ ተስማምቷል።"

አንዱን ፋይል ሲከፍቱት፣ አምና ያረፉት የአቶ ቲቶ ሳቅ ቢሮውን ሞላው። ውድነሽ ሳታፍር አለቀሰች። ሁሉንም ኮፒ አደረጉላት።

ሊሸኙት ሲሉ ግን እንግዳው እምቢ አለ። "ሥራ ላይ ነው" የሚል መልስ መጣ።

"ማነው የያዘው?" ጋሽ ባየ የተከፈተውን ሁሉ ዘጉ፤ ኮሪደር ላይ የቆመውን ማቴዎስን ሳይቀር ጠረጠሩ። ውድነሽ በትከሻቸው በኩል አጮልቃ ጥቁሩ መስኮት ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር አነበበች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ የእንግዳው ፎልደር ውስጥ ነዎት እኮ!"

ሃያ ዓመት ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው ለካ እንግዳው ላይ ተቀምጠውበታል። "ልፈትንሽ ብዬ ነው" አሉና ከፎልደሩ ወጥተው ሸኙት።

ወዲያው እሳቸውም ጠፉ። ለዲስክ ያልነፈጉትን ስንብት ለራሳቸው እንደሚፈሩት ማን ያውቅ ነበር! ውድነሽ እየሮጠች መናኸሪያ ስትደርስ፣ የቴፒው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ ደፍተው አገኘቻቸው። ረዳቱ ሊዘጋ ሲል በሩን ያዘች።

"እቱ፣ ልቀቂው እንጂ፣ ሞልቷል!"

"አይነቀሉም! ገና ሥራ ላይ ናቸው!"

ጋሽ ባየ ባርኔጣቸውን ቀና አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ማነው የያዘው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለች ውድነሽ። "ይውረዱ፤ በሚቀጥለው ይሄዳሉ።"