በአቶ ዌንዴል ፈቃድ የሚጥል በረዶ

ከንቲባ የሌለው ከተማ ይኖራል፤ መድኃኒት ቤት የሌለውም አለ። እሱ ካልፈቀደ ዝናብ የማይጥል የሚመስለው ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። ማርሎ ሚልስ የምትባለው ትንሿ የኦሃዮ ኮሌጅ ከተማ፣ ጣሪያው ላይ የነፋስ መለኪያ የተከለ ፕሮፌሰር እያላት እንኳ ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። የእሷ ድርሻ ክቡር አቶ ዌንዴል ሃርጊስ ናቸው፤ የሰማይ አፈ ጉባኤ፣ የደመና አዛዥ፣ ኮሌጁን በእንፋሎት የሚያሞቀው የቦይለር ክፍል ጡረተኛ።

ይህን ከሎርና ፔቼክ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሎርና በኮሌጁ ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ኬክ ስትጋግር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሰው ፊት ድምጿ የማይወጣ ሴት ናት። የእሷንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የቁጥቋጦ አጥር ነው። ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ዌንዴል ቡናቸውን በትልቅ ኩባያ ይዘው፣ ግራ አውራ ጣታቸውን የሱሪ ማንገቻቸው ውስጥ ሸጉጠው ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ። ወደ ላይ ያያሉ። ያሸታሉ። ከዚያ በመንገዱ ላይ ላሉት አስራ ሁለት ቤቶች በሚበቃ ድምፅ የቀኑን ትንቢት ይናገሩና፣ "ዌንዴል ብሏል በሉ!" ብለው ይዘጉታል። ሎርና ጡረታ የወጣችው ጠዋት ጠዋት ልትተኛ ነበር። አንድም ቀን አልተሳካላትም።

በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ደግሞ አንድ አባ ጨጓሬ ይይዙና በማርማላታ ጠርሙስ አድርገው በረንዳው ላይ ያስቀምጡታል። የትሉ ጥቁር ቀለበት ከሰፋ መጪው የበረዶ ወራት ክፉ ነው፤ ቡናማው ከሰፋ ቀላል ነው። ሕዝቡ ተራ በተራ እየመጣ ጠርሙሱን ያያል። "እንዳትነኩት፤ እያሰበ ነው" ይላሉ አቶ ዌንዴል።

የዘንድሮው ኖቬምበር ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ሚስታቸው አርሊን በሚያዝያ ሞታለች። አሪዞና የምትኖረው ልጃቸው ጆይስ ደግሞ እሑድ ስልክ ደወለች። አቶ ዌንዴል ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው ስለሆነ፣ ሎርና ግቢዋ ውስጥ ቆማ ሳትወድ በግዷ ሰማች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ቤቱ ለበረዶ ተዘጋጅቶ ካገኘሁት ትቀመጣለህ። ካላገኘሁት ሻንጣህን ጭኜ ይዤህ ነው የምሄደው።"

"አሪዞና? እዚያ እኮ ሰማዩ አፍ የለውም! ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ነው የሚለው!"

"አምና በረዶው ላይ ስትወድቅ እማዬ ባትኖር ማን ያነሳህ ነበር?"

"በረዶ እኔን ሳያሳውቅ አይመጣም" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሰኞ ጠዋት፣ "የዛሬው ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል! መስኮታችሁን አሽጉ!" ብለው አወጁ። አስራ ሁለቱም ቤቶች መስኮታቸውን በላስቲክ አሸጉ። እኩለ ቀን ላይ እንደ በጋ ሞቀ። ተማሪዎቹ በኮሌጁ ሣር ላይ በባዶ እግራቸው ሲንሸራሸሩ፣ የመንገዱ ነዋሪ የታሸገ ቤቱ ውስጥ እንደ ድንች ተቀቀለ። ጣሪያው ላይ መለኪያ ያለው ፕሮፌሰር ኦስትራንደርም ከተቀቀሉት አንዱ ነበር።

"መሣሪያህ ይሞቃል አላለህም እንዴ?" አለችው ሎርና በዝግታ።

"ብሎኝ ነበር" አለ ግንባሩን እየጠረገ። "ግን መሣሪያው ገና አምስት ዓመቱ ነው። ዌንዴል ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው።"

ማክሰኞ፣ "ዛሬ ቅጠል ንቅንቅ አይልም! ጠርጋችሁ መንገድ ዳር ከምሩት፤ ነገ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥጦ ይወስደዋል" አሉ። ሁሉም ጠርጎ ከመረ። አራት ሰዓት ላይ የተነሳው ነፋስ የአስራ ሁለት ቤት ቅጠል አንድ ላይ አንስቶ ወሰደና ፕሮፌሰሩ በረንዳ ላይ እስከ በሩ እጀታ ድረስ ቆለለው። ፕሮፌሰሩ በሩን ሲከፍት ቅጠሉ ቀድሞት ሳሎን ገባ።

"ዌንዴል! ይሄ ምንድን ነው?"

"ነፋስ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው!" አሉ አቶ ዌንዴል ኮፍያቸውን እያሯሯጡ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነው አሉ። የወጣችው ፀሐይ ዓይን ታጠፋለች። ፖስተኛው ድርብ የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ላቡ ፖስታው ላይ እየተንጠባጠበ አጥራቸው ጋ ቆመ። "አቶ ዌንዴል፣ ምን በደልኩዎት?" አላቸው። የሚያሳዝን አጠያየቅ ነበር።

መንገዱ በሙሉ ደነገጠ። እኚህ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቦይለር ክፍል ሲሠሩ፣ ውርጭ ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀድመው እንፋሎቱን ይለቁ ነበር። አንድም ጊዜ አልሳቱም፤ አንድም ተማሪ በብርድ አልተንቀጠቀጠም። አሁን በተከታታይ ሦስት ቀን ሳቱ። ጆይስ ልትመጣ የቀረው ደግሞ ሦስት ቀን ነው፤ የእሳቸው የውሃ ጎማ ገና ከደጁ ቧንቧ ላይ አልተነቀለም። ጎማው ሳይነቀል ውሃ ያቆረ ቧንቧ ውስጡ በረዶ ከሠራ ግድግዳውን ይዞት ነው የሚፈነዳው።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ሆነ። ድምፅ የለም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። በየቤቱ መጋረጃ ተገለጠ። ካፖርት ይልበስ ወይስ ሹራብ፣ የሚያውቅ አልነበረም። ሎርና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አቀናች። ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ይሄው መጣ፤ እንቅልፍ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ከአርሊን ቀብር ወዲህ የዚያን ቤት በር አንኳኩታ አታውቅም።

አቶ ዌንዴል ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ማንገቻቸው ወለል ላይ ይጎተታል።

"አመመህ እንዴ?"

"ጉልበት የለኝም።"

"ጉልበትህን ነው የሚያምህ?"

"የእኔን ማን አለሽ! የአርሊንን ነው የምልሽ።" ቀና ብለው አዩዋት። "ጠዋት ስትነሳ ግራ ጉልበቷን ታሸው ነበር። 'ማታ በረዶ አለ' ካለች፣ አለ። 'ዛሬ ደረቅ ነው' ካለች፣ ደረቅ ነው። እኔ ወጥቼ መጮህ ብቻ ነበር ሥራዬ።"

ሎርና የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ሠላሳ ዓመት ከአርሊን ጋር በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው ልብስ ሲያሰጡ ኖረዋል። ስለ ልጅ፣ ስለ ቄሱ ሚስት፣ ስለ ሳሙና ዋጋ ሁሉ አውርተዋል። ይህን ግን አርሊን አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

"የኮሌጁ ተማሪ በሙሉ... በአርሊን ጉልበት ነው የሞቀው?"

"ሠላሳ አምስት ዓመት።"

"ታዲያ ትሉስ?"

"ትሉማ ለክብር ነው። በሚስት ጉልበት ማን ያምናል?"

"እሷስ ምን ትል ነበር?"

"'አንተ ስትናገረው ያምርብሃል' ትለኝ ነበር። በጋውን እንደ ምንም ገፋሁት። አሁን ግን ባዶዬን ነኝ። ቅዳሜ ጆይስ ትመጣለች፤ አላውቅም፣ ሎርና። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።"

እኚህ ሰው "አላውቅም" ሲሉ የሰማቸው ሰው አልነበረም። ሎርናን ውርጭም ነፋስም እንዲህ አስደንግጧት አያውቅም።

"ሬዲዮ ብትሰማስ?"

"ሬዲዮ! ያ የአየር ትንበያ የሚያነበው ልጅ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጦ ስለ ሰማይ ያወራል! የቀረልኝ እሱ ነው?"

ሎርና ቤቷ ተመልሳ፣ የእሳቸውን ቤት ፊት ለፊት የሚያየውን የወጥ ቤት መስኮቷን እንደተከፈተ ትታ ሬዲዮዋን ከፈተች። ነገ ከቀትር በፊት ከባድ በረዶ፣ ይላል ልጁ። ጉንጯ ጋለ። በሕይወቷ የዋሸችው ሁለቴ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ስለ ኬክ ነው። እንደገና አጥሩን ዞራ ሄደች።

"ዌንዴል፣ ይሄ የእጄ አንጓ ከጠዋት ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል። በረዶ ሲመጣ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ነገ ከቀትር በፊት ሳይጥል አይቀርም።"

አቶ ዌንዴል እጇን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ማንገቻቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "የቀኙ ነው የግራው?"

"የ... ቀኙ።"

"ቀኝ ከሆነ እርግጠኛ ነው" አሉና ጎማውን ሊነቅሉ ወጡ። አካፋውን በሩ ጋ አቆሙ፤ በረዶ የሚያሟሟውን ጨውም ደረጃው ላይ አዘጋጁ።

ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ነበር። "ከቀትር በፊት በረዶ!" አሉ አቶ ዌንዴል። "ዌንዴል ብሏል በሉ!" አንድም ሰው አላመነም። "አሁንስ አበዙት፤ ጆይስ መጥታ ብትወስዳቸው ይሻላል" የሚል ድምፅም ከበረንዳ ተሰማ። ሎርና አራት ሰዓት ድረስ መስኮቷ ሥር ቆማ በሬዲዮው ልጅ ስም ጸለየች። አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ነጭ ፍንጣቂ ወረደች። ስድስት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ በረንዳው ላይ አፉን ከፍቶ ቆሞ በረዶ ይገባበት ነበር።

ቅዳሜ ጆይስ መጣች። ደረጃው ተጠርጓል፤ ጨው ተነስንሷል፤ ጎማው ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ቤቱን ሁለቴ ዞረችው፤ የምትነቅፈው አጣች።

"እሺ፣ እስከ ሚያዝያ" አለች በመጨረሻ። "ግን እንዴት አወቅክ?"

ሰላም ሊላት የመጣው ጎረቤት ሁሉ የተለመደውን ጠበቀ። አቶ ዌንዴል ኩባያቸውን ደረጃው ላይ አኖሩ።

"እኔ አይደለሁም። ድሮ የእናትሽ ጉልበት ነበር፤ እኔ አፏ ነበርኩ። አሁን ደግሞ የሎርና አንጓ ነው።"

አስራ ሁለት ቤት ዞሮ ሎርናን አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፕሮፌሰር ኦስትራንደር ኮፍያውን አወለቀ። "እትዬ ሎርና፣ ለሰኞ ምን ይላል?"

የሰኞውን ገና አልሰማችም። "እስካሁን... አላመመኝም" አለች።

"ጥሩ ነው ማለት ነዋ!" ተባባሉና ደስ ብሏቸው ተበተኑ።

ጆይስ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ አቶ ዌንዴል አጥሩ ጋ ቀሩ። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ እንዳላቸው ሎርና አታውቅም ነበር።

"ያ ሬዲዮሽ" አሉ። "ትንሽ ከፍ አድርጊው። በመስኮት ሲመጣ መጨረሻው አይሰማኝም።"

የሎርና ጆሮ ቀላ። ከዚያ ገብታ ሬዲዮዋን ከመደርደሪያው አወረደች፤ አቧራውን በሽርጧ ጠረገችና ፊቱን ወደ እሳቸው ቤት አዙራ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።