የእንጦጦው አጥቂ

«ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በየዓመቱ ያጋጥመኛል። አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ እኔ የማስተምርበት፣ ሲግናል አካባቢ ያለው ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን መሪ ናቸው። ቡድናችን አሸንፎ አያውቅም። እሳቸው ግን መስከረም በጠባ ቁጥር ተጫዋች ፍለጋ እንጦጦ ይወጣሉ።

አምና ዳገቱን በማለዳ እንደ ሜዳ ሲሮጥ ያዩትን ወጣት፣ ነጻ ትምህርት ሰጥተው አስፈረሙት።

«መምህር፣ ሳንባውን ቢያዩት! ማን ያቆመዋል?» አሉኝ።

እውነትም ማንም አላቆመውም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሜዳውን ዞረ፤ ኳሷ እግሩ ስር ስትመጣ ዘሎ ያልፋታል። ለካ የማራቶን ሯጭ ነው! እንጦጦ ላይ በማለዳ የሚሮጥ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ነበር? ሰባት ለዜሮ ተሸነፍን፤ እሱን ላብ እንኳ አልነካውም። ግምገማ ተጠራ፣ አቶ ደምሴም ሂሳቸውን ዋጡ። በቃ፣ ተማሩ አልን።

ትናንት ከእንጦጦ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ያበራል።

«መምህር፣ በረኛ አገኘሁ! ግንድ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁት።»

ተስፋ መቁረጥ ከማያውቅ ሰው ይሰውራችሁ። እኔ ምን ብዬ መለስኩላቸው መሰላችሁ?

«ቁመቱስ?»