ግማሽ ፉጨት

አፉን በከፈተ ቁጥር ዘመዶቹ ሁሉ ጫማ ጫማቸውን እንዲያዩ የሚያደርግ አጎት የሌለው ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። አለ የሚል ካለ አጎቱ ገና አላወራም ማለት ነው።

ለእኛ ቤት የደረሱን ክቡር አቶ ኦቢየሮ ናቸው፦ የዱንጋ ሐይቅ ዳር አእዋፍ የበላይ ጠባቂ፣ የደንገሉ አፈ ጉባኤ፤ ሹመቱን የሰጡት ራሳቸው ለራሳቸው ነው። ከኪሱሙ ከተማ ወፍ ለማየት የመጣ እንግዳ ከመኪናው ሳይወርድ እጃቸው ላይ ይወድቃል።

«በዓይንህ አትይ!» ይሉታል፣ ውድ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሰውዬ። «ዓይን ውሸታም ነው። በጆሮህ እይ!»

እኔ የሻይ ፔርሙዙን ታቅፌ፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ከኋላ እከተላለሁ።

እንግዳ ሁሉ የሚመጣው አንዲት ወፍ ፍለጋ ነው። መጽሐፍ የደንገል ጎኖሌክ ይላታል። አናቷ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ፣ ጀርባዋ ከሰል፣ ሆዷ ደማቅ ቀይ። ይህን ሁሉ ለብሳ ታዲያ ሰው ፊት መውጣት አትወድም፤ ደንገሉ ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች። (በዚህ ብቻ እንግባባለን።)

አንድ ጊዜ አንድ የባንክ ሠራተኛ ከደንገሉ ጫፍ ላይ ቀይና ጥቁር ወፍ አይቶ «አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ መርዶ እንደ ሰማ ሰው ራሳቸውን ያዙ።

«እሱን ነው? እሱማ ሙሽራ ነው! ለሠርጉ ሰሞን ቀይ ይለብሳል፤ ሠርጉ ሲያልፍ አውልቆ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል። የኪራይ ልብስ! የእኛዋ ዓመቱን ሙሉ ያው ናት። ባልም ሚስትም አንድ ዓይነት ነው የሚለብሱት። ልክ እንደ እኛ!»

ይህን ሲሉ አክስቴ ጎን ሄደው ይቆማሉ። ሁለቱም ከአንድ ጣቃ የተሰፋ ቀይ አበባ ያለበት ልብስ ለብሰዋል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ እለምናለሁ።

የባሰው ገና ነው። ጎኖሌክ ስትዘፍን የሰማ ሁሉ አንድ ወፍ ይመስለዋል፤ ሁለት ናቸው። ወንዱ የሚንቆረቆር ፉጨት ያፏጫል፤ ሚስቱ ደግሞ ትንፋሹ ሳያልቅ ጨርቅ ሲቀደድ በሚመስል ድምፅ ትመልስለታለች። ሰፈራቸውን የሚያስከብሩት በዚህ ነው። ሌላ ጥንድ የገባባቸው ከመሰላቸው ሊያባርሩ ይወጣሉ። ስለዚህ አጎቴ ወንዱን ሆነው ያፏጫሉ። የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነችው አክስቴ ደግሞ ጉንጯን ነፍታ «ቅሽሽሽ!» ትላለች። ሰው እያየ።

ሲያወሩም እንዲሁ ናቸው። «ምግቧን የምትለቅመው...» ሲሉ እሳቸው፣ «ዝቅ ብላ ነው፤ ጥንዚዛና ጉንዳን» ትላለች እሷ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው አንድ ሰው ያወራ ይመስለዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ አልነበረችም። ልጇ አኦኮ ስለወለደች አራሷን ልትንከባከብ ሲያያ ወደሚባለው ከተማ ሄዳለች። በዚያው ቀን የወጣት አስጎብኚዎች አለቃ ኦዴራ ስልኩንና ድምፅ ማጉያውን ይዞ መጣ።

«አባባ፣ አሁንስ ይረፉ» አለ እንግዶቹ ፊት። «የተቀዳ ድምፅ አለኝ። አንዴ ስነካው ትመጣለች።»

«አንዴ? ከጠዋት እስከ ማታ ነው የምታጮህባት! አንተን ስታባርር ውላ እንቁላሏን ማን ይታቀፍላት፣ አንተ?»

ኦዴራ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። «እሺ፣ ዛሬ ያለ ስልክ ያሳዩን። ካልመጣች ግን ከሰኞ ጀምሮ እንግዳ የምመራው እኔ ነኝ።»

«ይሁን!» አሉ አጎቴ።

ደንገሉ ዳር ደርሰን አፏጩ። ያምር ነበር። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግራ መለስ አደረጉ፣ አክስቴ ወደምትቆምበት። ማንም የለም። እንደገና አፏጩ፤ እንደገና ዞሩ።

«ይሄኛው ወንደላጤ ነው» አለ አንዱ እንግዳ። ኦዴራ ስልኩን አወጣ። አጎቴ አሁንም ሲያፏጩ ከንፈራቸው ደርቆ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ።

እኔ ሰው ፊት ስሜን ስጠየቅ እንኳ የሚጠፋኝ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግጥሜን መድረክ ላይ ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ናት። ፔርሙዙን መሬት አስቀመጥኩት። ጉንጬን ነፋሁ።

«ቅሽሽሽ!»

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ጆሮዬ ነደደ። አጎቴ ዞር ብለው አላዩኝም፤ ወዲያው አፏጩ። መለስኩላቸው። አፏጩ፤ መለስኩ። ደንገሉ ተነቃነቀና አንድ ቀይ ሆድ ብቅ አለ፤ ከጎኑ ሌላ ቀይ። አንገታቸውን አስግገው ተቀባብለው ሰደቡን።

«ሁለት ናቸው እንዴ!» አለ ቅድም «ወንደላጤ ነው» ያለው ሰውዬ።

«ታዲያ ስንት መስሎህ ነበር? በጆሮህ እይ አላልኩህም?» አሉ አጎቴ።

ኦዴራ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እሺ አባባ፣ ሰኞም የእርስዎ ነው» ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ሚስትየዋን ግን ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ክቡርነታቸው ያገኙትን ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እያስቆሙ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ «የጠራቻት አዶዮ ናት! በይ እስቲ አንዴ አሰሚው!» አሉ። ባርኔጣዬ አፍንጫዬ ጋ ደረሰ።

እራት ሳንበላ አክስቴ ደወለች። ወሬው እስከ ሲያያ ደርሷል።

«ከቀዩ ጨርቅ የተረፈ አለኝ» አለችኝ። «የወገብሽ ልክ ስንት ነው?»

እፍረት ገደለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት።