ረጅሙ ዘንግና የጀላሉ ኩርፊያ

(ጀላሉ ከመንዝ ቁልቁል ሲወርዱ በምትገኝ አንዲት የቆላ ከተማ ሱቅ አለው። ከጨው እስከ ጣሪያ ሚስማር ይሸጣል። ምክር ግን በነፃ ነው፣ ያውም ላልጠየቀው ሁሉ። ዛሬ ይህ ሰው አኩርፏል፤ ቢያኮርፍም አይፈረድበትም። የልጅነት ወዳጁ ተገኘ፣ ያ የዘመሮው ገበሬ፣ እሑድ ልጁን ኮከብን ይድራል። አገር ምድሩ ተጠርቷል፤ ጀላሉ አልተጠራም። ይባስ ብሎ፣ ተገኘ ቤት ድግስ በተደገሰ ቁጥር ለሙስሊሙ እንግዳ በግ የሚያርደው ኸይረዲን «ዘንድሮስ ና ያለኝም የለ» አለው። በጉ ካልታረደ እንግዳው አልታሰበም ማለት ነው። ጀላሉ በዚህ ሲበግን ሰነበተ። አሁን ደግሞ ያ ጉደኛ ራሱ ሱቁ ገብቷል። ስለ ሠርጉ ሊያወራ? የት አባቱ! ሳይታዘዙ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅለው መጥተው ከጣሪያው ሥር አቧራ ሲጠግቡ የኖሩትን ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች አንጋጦ ያያል።)

ተገኘ፦ (ከዘንጉ ክር የተንጠለጠለውን እያመለከተ) ኧረ በርበሬ ነው!

ጀላሉ፦ በርበሬ አይደለም አልኩህ!

ተገኘ፦ ቀይ ነው። ጫፉ ሾል ያለ ነው። ጭራው አረንጓዴ ነው። ታዲያ ምኑ ነው በርበሬ ያልሆነው?

ጀላሉ፦ ቡሽ ነው፣ ቡሽ! ክሩ ላይ ታስሮ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ዓሣው ከታች መንጠቆውን ሲጎርስ እሱ ከላይ ስምጥ ይላል። ያን ጊዜ ትስባለህ።

ተገኘ፦ እህ! ለዓሣው ነዋ በርበሬው።

ጀላሉ፦ (ወደ ጣሪያው) ያ አላህ፣ ምን በደልኩህ?

ተገኘ፦ እሺ በቃ፣ ቡሽ ይሁንልህ። የትኛው ዘንግ ይሻላል? ረጅሙ ወይስ አጭሩ?

ጀላሉ፦ (ፊቱን አዙሮ ስኳር እየመዘነ) ለየትኛው ውኃ?

ተገኘ፦ ለጀማ።

ጀላሉ፦ ለጀማ! (ሚዛኑን ትቶት መጣ። ይህን ሰው ኩርፊያ ይይዘው ይሆናል እንጂ ጥያቄ ሰምቶ ዝም ማለት አልፈጠረበትም።) ደህና ሰው ጋ መጣህ! ስማኝ። ወንዝ እንደ ኩሬ አይደለም፤ ይሄዳል። ዘንግህ አጭር ከሆነ ክሩ ውኃው ላይ ይተኛል። ወራጁ ክሩን ይጎትተዋል፣ ክሩ ቡሹን ይጎትተዋል፣ ቡሹ ትሉን ይዞት ይሮጣል። ዓሣው ይሄን ሲያይ «ይሄ ትል ማን አባሮት ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። ረጅሙ ግን ክሩን ከውኃው በላይ አንጠልጥሎ ይይዝልሃል። ትሉ ከወንዙ ጋር ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ዓሣውም ሳያስበው ይጎርሳል።

ተገኘ፦ ዓሣ ይጠረጥራል?

ጀላሉ፦ ከነጋዴ ይብሳል።

ተገኘ፦ እንግዲያ ካንተ ጋር ትተዋወቃላችሁ።

ጀላሉ፦ እኔ መች ጠረጠርኩ? የሚያስጠረጥር ሰው አለ እንጂ። ደግሶ ደግሶ፣ ዝም የሚል ሰው ለምሳሌ!

ተገኘ፦ ያ ክብ ነገርስ ምንድን ነው?

(ጀላሉ ጥርሱን ነከሰ። ነገሩን እንዲህ አፍጥጦ አቅርቦለት እንኳ አልሰማም፤ ይሄ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ጆሮው ከደጃፉ አያስገባም።)

ጀላሉ፦ ማጠንጠኛ ነው። ክሩ እሱ ላይ ይጠቀለላል፤ እጀታውን ስታዞር ይሰበስባል። ይቺ ደግሞ ፍሬኑ ናት።

ተገኘ፦ ፍሬን? ቁልቁለት ይወርዳል እንዴ?

ጀላሉ፦ ለዓሣው ነው! ትልቅ ዓሣ ከያዝክ አትታገለውም። ፍሬኑን ላላ ታደርግለታለህ፤ ይሮጣል፣ ይሮጣል፤ ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ሲደክመው ጠበቅ ታደርጋለህ። ደግሞ ሊሮጥ ይሞክራል፤ ደግሞ ትለቅለታለህ። መጨረሻ ላይ በፈቃዱ የመጣ እስኪመስለው ድረስ ወደ ዳር ይዘኸው ትመጣለህ።

ተገኘ፦ ልክ እንደ ብርነሽ ነዋ።

ጀላሉ፦ ሚስትህን ከዓሣ ጋር ምን አገናኛት?

ተገኘ፦ ዓሣውማ እኔ ነኝ።

(ጀላሉ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ማኩረፉ ትዝ ሲለው ሳቁን መልሶ ዋጠው፤ ትን አለውና አሳለው።)

ተገኘ፦ ይማርህ። ይሄን ሁሉ ግን ከየት አወቅከው?

ጀላሉ፦ ከስልኬ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አያለሁ። አንድ ቻይናዊ አለ፤ ወላሂ፣ ወንዙ የፈራው ሰው ነው!

ተገኘ፦ ቻይንኛ ትሰማለህ?

ጀላሉ፦ ቋንቋ ምን ያደርጋል? እጁን ነው የማየው።

ተገኘ፦ አንተስ እስካሁን ስንት ያዝክ?

ጀላሉ፦ ምን?

ተገኘ፦ ዓሣ።

ጀላሉ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) መያዝ አለመያዝ ሌላ ነው። ዋናው ዕውቀቱ ነው።

ተገኘ፦ እሱስ ልክ ነህ። ከተያዘ በኋላስ፣ ማን ያርደዋል?

ጀላሉ፦ ማንን?

ተገኘ፦ ዓሣውን ነዋ።

ጀላሉ፦ (ባንኮኒውን እየደበደበ) ዓሣ አይታረድም አንተ! ከውኃ ሲወጣ በራሱ ያልቅለታል። ዓሣ ያርዳል እንዴ ሰው!

ተገኘ፦ በእኛም እንዲሁ ነው?

ጀላሉ፦ በእናንተም።

ተገኘ፦ በእናንተስ?

ጀላሉ፦ በእኛም! ቢላ አያሻውም፣ ባራኪ አያሻውም። ማንም ያውጣው ማን ሐላል ነው።

ተገኘ፦ ቄስ ቢያወጣውስ?

ጀላሉ፦ ሐላል ነው አልኩህ።

ተገኘ፦ ሼኽ አውጥቶት እኔ ብበላውስ?

ጀላሉ፦ እሱን የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ተገኘ፦ ጠየቅኋቸው። «ተገኘ፣ ዓሣ ማተብ የለውም፣ እንዳሻህ» አሉኝ።

ጀላሉ፦ (አፉን ከፍቶ) ለዚህ ብለህ ቄስ ጠየቅህ? እሑድ ልጁን የሚድር ሰው ስለ ዓሣ ቄስ ይጠይቃል? ጠላው ተጠምቆ አልቋል? ዳሱ ቆሟል?

ተገኘ፦ ኧረ ገና ነው።

ጀላሉ፦ ታዲያ ምን ልትሠራ ነው ጀማ የምትወርደው? (ድንገት ግንባሩን መታ።) አሃ! ገባኝ! የሙሽራው አባት!

ተገኘ፦ አቶ አስፋው?

ጀላሉ፦ መርሐቤቴ አይደሉም? ጀማ ዳር አይደል ያደጉት? ለአዲሱ አማችህ ስጦታ እየመረጥክ ነው! የድሮውን ወዳጅ ጥለህ ለአዲሱ ዘንግ ትመርጣለህ፤ የማማርጥህም እኔ!

ተገኘ፦ እኔ መች…

ጀላሉ፦ አጭሩን ውሰድ።

ተገኘ፦ አሁን ረጅሙን አላልክም?

ጀላሉ፦ ተሳስቼ ነው። አጭሩ ይሻላል። ማጠንጠኛው ትንሽ ዝጓል፤ ግን ለትልቅ ሰው ደግ ነው፣ ክንድ ያፍታታል።

ተገኘ፦ መንጠቆውስ የትኛው ይሁን?

ጀላሉ፦ ያለ መንጠቆ ይሻላል።

ተገኘ፦ ያለ መንጠቆ ዓሣው በምን ይያዛል?

ጀላሉ፦ በትዕግሥት።

ተገኘ፦ (አየት አደረገውና) ጀላሉ፣ እስቲ ወላሂ በል።

(እዚህ ላይ ተያዘ። ጀላሉ ነጋዴ ነው፤ ያጋንናል፣ ይጨምራል፣ የትናንቱን ዳቦ የዛሬ ነው ሊልህም ይችላል። በሐሰት ግን አይምልም። እጁን አንዴ ወደ አጭሩ፣ አንዴ ወደ ረጅሙ ዘረጋ።)

ጀላሉ፦ ወላሂ ረጅሙ ነው! አጭሩን ለጠላትህ ስጠው። ይኸው! ደስ ይበልህ! ይዘህ ሂድና ለአማችህ አበርክት። ካንተ ይሄን አልጠብቅም ነበር እንጂ።

ተገኘ፦ ምን አደረግሁህ?

ጀላሉ፦ ምን አደረግሁህ ይለኛል! ኮከብ ክርስትና ስትነሳ መጣሁ። ከጓሮ ድንኳን ተተከለልኝ፣ ለብቻዬ በግ ታረደልኝ። ቤትህን ስትመርቅ መጣሁ፤ ደግሞ ከጓሮ፣ ደግሞ በግ! እናንተ ዳሱ ውስጥ ምድር እስክትርድ ትጨፍራላችሁ፤ እኔ ከአንድ ሙሉ በግ ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ሰው እንዴት አንድ በግ ለብቻው ይጨርሳል? የሚያጎርሰኝ የለ፣ የማጎርሰው የለ! ግን አንድ ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ተገኘ አክብሮኝ ነው እል ነበር። አሁን ያቺም ቀረች! ኸይረዲንን እንኳ አልጠራኸውም!

ተገኘ፦ አዎ፣ አልጠራሁትም።

ጀላሉ፦ አመነ! ዓይኑን በጨው አጥቦ አመነ!

ተገኘ፦ ለምን እጠራዋለሁ? ዘንድሮ ላንተ በግ አይታረድም።

(ጀላሉ ጨው ጆንያው ላይ ዘጭ አለ። ሚስቱ ሙሚና ከጓዳ ሆና ባትሰማው ኖሮ እንደ ሕፃን ባለቀሰ።)

ተገኘ፦ አንተ ከጓሮ ተቀምጠህ ሳይህ አንጀቴን ትበላኛለህ። ና ከጎኔ እንዳልልህ፣ ሥጋው የእኛ ነው። እኔ እንዳልመጣ፣ ሥጋው የእናንተ ነው። ሽሮ ላቅርብ እንዳልል፣ ልጁን ሲድር እንግዳውን ሽሮ ያበላ ተብዬ እስከ ራቤል ድረስ መሳቂያ ልሁን? ኮከብን እንደ እኔው ነው ያሳደግሃት። ስትዳር ደግሞ ከጓሮ? እምቢ አልኩ። እንቅልፍ አጥቼ አሰብኩ፦ ማንም ቢላ የማያነሳበት፣ የእናንተም የእኛም የሆነ ሥጋ የለም ወይ?

(ጀላሉ ቀና ብሎ ዘንጎቹን አየ፣ ከዚያም ተገኘን።)

ጀላሉ፦ (በቀጭን ድምፅ) ዓሣ…

ተገኘ፦ እሰይ! ነጋልህ።

ጀላሉ፦ ለእኔ ነው?

ተገኘ፦ ለእኔና ላንተ። ከዳሱ መሐል፣ አንድ ትሪ። ብርነሽ ምንም ያልነካው አዲስ መጥበሻ አዘጋጅታለች፤ ሙሚናም ቀድማ መጥታ አብረው ይጠብሱታል።

ጀላሉ፦ (ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ) እኔ ነኝ ዐዋቂ! «አይታረድም፣ አይታረድም» እያልኩ ጎረቤት እስኪሰማ የጮህኩት እኔው! እኔን ማን ይጥራኝ፣ እኔን! (ተነስቶ ረጅሙን ዘንግ አወረደ፤ አቧራውን ጠረገ፤ ማጠንጠኛውን ገጠመ።) እንካ! የአላህ ስጦታ በለው። ዛሬውኑ ውረድ!

ተገኘ፦ አንተው ያዘው።

ጀላሉ፦ እንዴት?

ተገኘ፦ እኔ ዘንግ ልመርጥ አልመጣሁም። ስለ ዘንግ ምን አውቄ? አጥማጅ ልመርጥ ነው የመጣሁት። ስለ ወንዙ ጠየቅኩህ፣ መለስክ። ስለ ማጠንጠኛው ጠየቅኩህ፣ መለስክ። ከዚህ ወዲያ ማንን ልፈልግ? ተመርጠሃል።

ጀላሉ፦ እኔ?! (ዘንጉን መልሶ ወደ ተገኘ ገፋው።) ተገኘ፣ ስማኝ ወንድሜ። እኔ እኮ ዓሣ ይዤ አላውቅም። ውኃ ሳይ ያዞረኛል።

ተገኘ፦ አውቃለሁ። ያኔ ጀማን የተሻገርከው ዓይንህን ጨፍነህ የበቅሎዋን ጭራ ይዘህ አይደል?

ጀላሉ፦ እያወቅህ ነው ታዲያ?

ተገኘ፦ እኔ ዳስ መጣል አለብኝ። አንተ ደግሞ ቻይናዊውን አይተሃል።

ጀላሉ፦ ባዶ እጄን ብመጣስ?

ተገኘ፦ ያን ጊዜማ ሽሮ ነው።

ጀላሉ፦ ለእኔ?

ተገኘ፦ ለሁለታችን። መሳቂያ ከሆንኩም ካንተ ጋር ልሁን። ሰው ሁሉ ጮማ ሲቆርጥ እኔና አንተ ከዳሱ መሐል ሽሯችንን እንላለን። ምነው ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉም ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ፦ «ይህ ወዳጄ ስለ ዓሣ የማያውቀው ነገር የለም!»

ጀላሉ፦ (ዘንጉን ተሸክሞ ከበሩ ጋር እየተላተመ እየወጣ) ሙሚና! ኧረ ሙሚና! ነይ ሱቁን ያዢ! ደግሞ ትል የት እንደሚገኝ ታውቂያለሽ?