ከጓሮዬ በላይ ያለው አፈር

ቤቱን ተራራ ሥር የሠራ ሰው ዝናብ ሲመጣ ሰማዩን አያይም፤ ጓሮውን ነው የሚያየው። እናንተ ሜዳ ላይ የምትኖሩ፣ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ይጥማል ትላላችሁ። ይጣማችሁ። እኛ ከቀጨኔ በላይ፣ እንጦጦ እግር ሥር የተጠጋነው ግን ዝናቡ በጠነከረ ቁጥር የምናስበው ከበላያችን ስንት ጋሪ አፈር እንዳለ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። ከቤቴ በላይ የሚኖረው ሰው ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። አንድ በጋ ግቢውን ሊያደላድል ተነሣና ተዳፋቱን አስቆረጠ፤ አፈሩን ቆንጥጠው የያዙትን ባሕር ዛፎች ከነሥራቸው አስነቀለ፤ የተቆፈረውን ሁሉ ከአጥሩ ጫፍ፣ ልክ ከእኔ ጓሮ በላይ ከመረው። የሚደግፈው የድንጋይ ካብ የለ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ የለ። እንዲሁ ክምር።

ሐምሌ ሲገባ ክምሩ ላይ ስንጥቅ አየሁ። በየማለዳው እየወጣሁ በሸምበቆ እለካዋለሁ፤ በየማለዳው ሰፍቶ ይጠብቀኛል።

ባለቤቴ አስካለ፣ "ሂድና ንገረው እንጂ!" ትለኛለች።

"ምን ብዬ?"

"አፈርህ ሊቀብረን ነው ብለህ!"

ለአፍ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከዚያ ባነሰ ነገር ፀረ አብዮት ተብሎ የተወሰደ ሰው ነበር። ደግሞስ "አፈርህ" ይባላል? መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ታውጇል። የሰፊውን ሕዝብ አፈር ልክሰስ? ዝም አልኩ። እንዲያውም ስብሰባ ላይ ከሰው ሁሉ አብልጬ አጨበጭብለት ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አስካለ ሕፃኗን አቅፋ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

"ግድግዳው እየተነፈሰ ነው!"

ግድግዳ ይተነፍሳል? ዞር ብዬ አየሁት። ሆዱ ወደ እኛ ገፍቷል። እጇን ይዤ ወደ ደጅ ስንወጣ ከኋላችን አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ጓዳው እስከ መስኮቱ በቀይ አፈር ሞላ። የሕፃኗ አልጋ አይታይም።

ዝናቡ ሲያባራ ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ አካፋ ይዞ ወረደ። ሊወስደኝ የመጣ መስሎኝ አፈገፈግኩ። እሱ ግን ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አንጠልጥሎ አፈሩን መዛቅ ጀመረ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ።

"ፈርቼዎት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እኔ እኮ የፈራሁት አንተን ነው! ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው አሉኝ። በየማለዳው ስትለካ ሳይህ ሪፖርት ሊያቀርብብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አፈሩን ባነሳ ደግሞ ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው ብዬ ተውኩት።"

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሪፖርት ቀርቶ የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያ ስጽፍ እንኳ እጄ ይርዳል።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ፋታ በሰጠን ቀን ሁሉ አብረን ቆፈርን። ተዳፋቱን በሦስት እርከን ከፋፍለን በየእርከኑ የድንጋይ ካብ ሠራን፤ ውሃውን ከቤቴ አርቆ ወደ ወንዙ የሚወስድ ቦይ አወጣን። የመጨረሻዋን ድንጋይ ስናስቀምጥ ግራና ቀኙን ቃኝቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ስማ፤ ፈራሁ ያልኩህን ለማንም እንዳትናገር።"

አልተናገርኩም። ፈርቼው።