ኪራይ መጠየቅ ያሳፈራቸው የቤት ገዢ

ሐበሻ በከተመበት ከተማ ሁሉ፣ የገንዘብ ነገር ማንሳት ከመስረቅ እኩል የሚያሳፍረው አንድ ሰው አይጠፋም። በቶሮንቶ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አውቶቡስ ነጂ አቶ ሀምዱ ናቸው። ያበደሩት ሲመለስላቸው ተበዳሪውን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የተሳሳተ ምግብ ቢቀርብላቸው ዝም ብለው ይበላሉ፤ ጠባብ ጫማ ቢሸጥላቸው እያነከሱ ይሄዳሉ። ለምን ቢሏቸው «ኧረ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይለኛል!» ነው መልሳቸው።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት የገዛ ዕለት ነው ጉዱ።

ኤግሊንተን ዌስት አጠገብ ያገኙት ቤት ምድር ቤቱ ተከራይ አለበት፤ ወይዘሮ ተሻለች። ከኪራያቸው ጥቂቱን ራሳቸው ይከፍላሉ፣ ቀሪውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ሻጩ ስለሺ «ኪራዩ በወር በድምሩ ሁለት ሺህ ዶላር ነው» ብሏል። ሴትዮዋ ግን ቤቱን ላሻሻጠው ደላላ ሺህ ስድስት መቶ ነው ብለውታል። ሀምዱ ደግሞ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ያሰሉት በሁለት ሺው ነበር። ልዩነቱ ካልተፈታ ቤቱ ከእጃቸው መውጣቱ ነው።

ጠበቃቸው ማያ በስልክ ለመነች፦ «ጋሼ ሀምዱ፣ ፕሊዝ ቴናንቷን፣ ተከራይዋን ይጠይቋቸው! በጽሑፍ ኮንፈርም ካላደረጉልን ግዢውን ክሎዝ ማድረግ አንችልም። ፋይቭ ሚኒትስ ነው!»

ማያ ይሉኝታን አታውቀውም። ሀምዱ ማንጎ ይዘው ሄዱ፤ ስለ ጤናና ስለማያልቀው የመንገድ ሥራ አውርተው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርቱካን ይዘው ሄደው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጠግነው ወጡ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ... ይህ ቤት...» ብለው ጀመሩ። ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ዋጡ። «...ይሞቃል?» ብለው ጨረሱት ሀምዱ።

በመጨረሻ ማያ ተቆጣች። ሀምዱ ላብ እያጠመቃቸው ገቡና ሳይቀመጡ «እትዬ ተሻለች፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ኪራዩ ስንት ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ይኸው ነው።»

«ሺህ ስድስት መቶ ነዋ! ስለሺ አምና ሁለት ሺህ ይሁን ብሎ ነበር፤ የሚከፍሉልኝ የመንግሥት ሰዎች አልተቀበሉትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፣ እነሱንም ጠይቅ። እኔም እፈርምልሃለሁ።»

ኋላ ላይ ሴትዮዋም የመንግሥት ሰዎቹም ሲያረጋግጡ ስለሺ እያጉረመረመ የቤቱን ዋጋ ቀነሰ፤ ባንኩም በእውነተኛው ኪራይ አስልቶ ተስማማ። ያን ዕለት ግን ሀምዱ ይህን ሁሉ አያውቁም። የሚያዩት ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነው።

«ምነው እትዬ፣ አስቀየምኩዎት?»

«አንገትህን ደፍተህ ፍራፍሬ ይዘህ ስትመላለስ፣ ውጪ ልትለኝ አፍረህ መስሎኝ ነበር ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ወይዘሮ ተሻለች የመኝታ ቤቱን በር ከፈቱት። ውስጡ እስከ አልጋው ድረስ ዕቃቸውን ባሸጉባቸው ካርቶኖች ተሞልቷል።

ሀምዱ ክው አሉ። የእሳቸው ሃፍረት ሰው ያስፈራል ብለው አስበው አያውቁም። እኔ በበኩሌ አከራይ ምረጥ ብባል እሳቸውን ነው የምመርጠው፤ ካፖርታቸውን አውልቀው አንዱን ካርቶን ሲከፍቱ ላየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳህን አወጡ።

«ኧረ ተው፣ ነውር ነው! እኔ አወጣዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ተሻለች።

ሀምዱ ግን ሳህኑን እንደያዙ፣ ቀና ብለው፣ «የት ነበር የሚቀመጠው?» ብለው ጠየቁ።